ስምንት ስታፋ፦ የአዳማ የቢም ሙከራዬ ማስታወሻ

ጥቅምት 3 ቀን 2018

ከሥራ ስገባ ጎረቤቴ እትዬ በር ላይ ጠበቁኝ። ቤታቸው ጂ ፕላስ ዋን ነው። ታች ያለውን ሱቅ አከራይተው እሳቸው ላይ ይኖራሉ። "እስኪ ና ይህን ነገር እይልኝ" አሉኝ። ከሱቁ በር በላይ ያለው ቢም (አግዳሚው የኮንክሪት ተሸካሚ) ላይ ስንጥቅ አለ። ከኮለኑ (ከቋሚው ምሶሶ) አጠገብ ከታች ይጀምርና ወደ መሀል እያጋደለ ወደ ላይ ይወጣል። በልስኑ ላይ ሲታይ ቀጭን ነው። መቼ እንዳዩት ስጠይቃቸው፣ በ2017 ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ ሲናወጥ፣ እኛም ሰፈር ሰው ማታ ማታ ከቤት እየወጣ ደጅ ሲቀመጥ በነበረበት ሰሞን ነው አሉ።

"ልስኑ ነው ወይስ ቤቱ?" ብለው ጠየቁኝ። በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መሀል ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ቀጭን ስንጥቅ ቢሆን ኖሮ ብዙም አልሰጋም ነበር። የኮንክሪት ቢም ሥራ ላይ ሲሆን ከታች በኩል መሰንጠቁ ያለ ነው፤ ብረቱ ሥራውን የሚጀምረው እንዲያውም ያኔ ነው። ኮለን አጠገብ የሚያጋድል ስንጥቅ ግን ሌላ ወሬ ነው። ይህን ልነግራቸው ሞከርኩ። "ስንጥቅ ስንጥቅ ነው፣ ምን ልዩነት አለው?" አሉኝ። እኔም የተናገርኩት ነገር ለራሴም ግልጽ ሆኖ አልወጣልኝም።

ማታ ተኝቼ ሳስበው፣ ይኸው ክርክር ሳይት ላይ ከፌራዮዎች (ፌሮ ከሚቆርጡና ከሚያስሩ ሠራተኞች) ጋር በየሳምንቱ የማደርገው ነው። ስታፋ (ዋናዎቹን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያቅፈውን ቀጭን ብረት) አብዝተህ አስጠጋ እላለሁ፣ "ኢንጂነር፣ ዋናው የታችኛው ፌሮ አይደል?" ይሉኛል። በአፍ ከምከራከር ቢሙን ሠርቼ ሰብሬ ባሳያቸውስ?

ጥቅምት 5

ዕቅዱ ይኸው። ስድስት ትናንሽ ቢሞች። እያንዳንዱ ወርዱ 12፣ ቁመቱ 20፣ ርዝመቱ 140 ሳንቲ ሜትር። ከሁለቱም ጫፍ 10 ሳንቲ ገባ ብሎ ይቀመጣል፤ ስለዚህ በመቀመጫዎቹ መካከል 120 ይሆናል። ጭነቱን መሀል ላይ በሁለት ነጥብ አሳርፋለሁ፣ በነጥቦቹ መካከል 30 ሳንቲ። ከመቀመጫ እስከ ጭነት ያለው ርቀት 45 ሳንቲ ይወጣል።

ይህን 45 ዝም ብዬ አልመረጥኩትም። የታችኛው ፌሮ ከቢሙ አናት ያለው ጥልቀት 16.7 ሳንቲ ነው። 45 ለ16.7 ሲካፈል 2.7 ይሰጣል። ካናዳ ቶሮንቶ ይሠራ የነበረው ካኒ በ1960ዎቹ (በፈረንጆች) ስታፋ የሌላቸውን ቢሞች እየሰበረ ያገኘው ነገር አለ፦ ይህ ንጽጽር 2.5 አካባቢ ሲሆን ቢሙ በጣም ደካማ ነው። ጭነቱ ወደ መቀመጫው በጣም ከቀረበ ኃይሉ በቀጥታ እንደ ቅስት ወደ መቀመጫው ይወርዳል። በጣም ከራቀ ደግሞ ቢሙ አስቀድሞ በጉብጠት ያልቅለታል። መካከል ላይ ነው ጉዱ። እኔም ጉዱን ማየት ስለፈለግሁ እዚያው ሄድኩ።

የታችኛው ብረት በሁሉም ላይ አንድ ነው፣ ሁለት ባለ 14 (ውፍረቱ በሚሊ ሜትር)። ላይ ሁለት ባለ 8። ስታፋው ባለ 6። የሚለያዩት በስታፋ ብቻ ነው፦

አንደኛውና ሁለተኛው ስታፋ የላቸውም። ብረቱን ለመያዝ ብቻ መሀል ላይ ሁለት አስራለሁ።

ሦስተኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ በ20 ሳንቲ እኩል እኩል ርቀት። ስምንት ስታፋ። ሰፈር ውስጥ በብዛት የማየው አሠራር ይህ ነው።

አራተኛው በ10 ሳንቲ፣ የስታፋው ጫፍ ወደ ውስጥ በ135 ዲግሪ ታጥፎ።

አምስተኛው እንደ አራተኛው በ10 ሳንቲ፣ ግን ጫፉ በ90 ዲግሪ ብቻ ታጥፎ።

ስድስተኛውን ያሰብኩት መጨረሻ ላይ ነው፣ ከሁሉም የምጓጓለትም እሱ ነው። እንደ ሦስተኛው ስምንት ስታፋ ብቻ ይኖረዋል። ግን አራቱን በግራ፣ አራቱን በቀኝ፣ በመቀመጫና በጭነት መካከል በ12 ሳንቲ አሰባስቤ አስቀምጣለሁ። መሀሉ ባዶ።

ከመሥራቴ በፊት ስሌቱን ደብተር ላይ ጻፍኩ፣ በኋላ ራሴን እንዳላታልል። ስታፋ የሌለው ቢም በአንድ በኩል 22 ኪሎ ኒውተን አካባቢ ይሸከማል፣ በድምሩ አራት ተኩል ቶን ገደማ። ይህ ከኢትዮጵያ የኮንክሪት ኮድ (ኢ.ኤስ ኢ.ኤን 1992) ቀመር የደኅንነት ማካካሻውን አውጥቼ ያገኘሁት ነው። በጉብጠት ደግሞ የታችኛው ፌሮ እስኪለጠጥ በድምሩ 77 ኪሎ ኒውተን፣ ስምንት ቶን ገደማ። ስለዚህ የታችኛው ብረት ስምንት ቶን ሊሸከም ተዘጋጅቶ ሳለ ቢሙ በአራት ተኩል ይበጠሳል ማለት ነው። ስሌቱ ይህን ይላል፣ በዓይን ማየት ግን ሌላ ነው።

ጥቅምት 10

ፌሮው ተቆረጠ። የሚሠራልኝ ወጣት ፌራዮ ከእኔ ጋር ሁለት ሳይት አብሮኝ ሠርቷል፣ እጁ ፈጣን ነው። 135 ዲግሪውን ሳሳየው ፊቱን አጨፈገገ። ባለ 6 ቀጭን ብረት ላይ ያን ያህል አጥፎ መግጠም ጊዜ ይወስዳል፤ ጣት ይወጋል፤ ታስሮ ሲያልቅ ደግሞ በላይ ፌሮዎች መካከል ማስገባት ያስቸግራል። ቅሬታው እውነት ነው። በቁጥር የሚከፈለው ሰው ላይ ይህን ስንጭን ጊዜውን ማን እንደሚከፍለው አስበን አናውቅም። እኔ ዛሬ በቀን ነው የከፈልኩት።

ስድስተኛውን ሲያስር "መሀሉን ረስተኸዋል" አለኝ። አልረሳሁም አልኩት። ራሱን እየነቀነቀ አሰረው።

የታችኛውን ፌሮ ጫፎች ወደ ላይ አጠፍናቸው። ከመቀመጫው ወዲያ ያለው 10 ሳንቲ ብቻ ስለሆነ ካልታጠፈ ብረቱ ሊንሸራተት ይችላል። ሰያፍ ስንጥቅ ሲከፈት ደግሞ መቀመጫው አጠገብ ያለው ብረት ካሰብነው በላይ ይሳባል። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ሞልተን ጨረስን። ብሎኬት የሚያመርት ወዳጄ ግቢውን ፈቀደልኝ። አሸዋው የላንጋኖ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ከውኃ ጋር አንቀጥቅጬ አስቀምጬ አየሁት፣ ጭቃው በ6 ከመቶ ገደብ ውስጥ ነው። ጠጠሩ ጥቁር ድንጋይ። ቀይ አሸዋና ፑሚስ ግቢው ውስጥ ሞልቷል፣ እዚህ አካባቢ እሳተ ገሞራው የተወልን ሀብት ነው። ለብሎኬት ይሁን እንጂ ለዚህ ሙከራ አልነካሁትም። ምክንያቱን ስንሰብረው ታዩታላችሁ።

አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። ሳጥኑ 50 በ40 በ18 ነው፣ 36 ሊትር ይይዛል፣ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር እኩል ማለት ነው። ውኃውን በባልዲ ለካሁ። ቦይኛው (ድብልቁን የሚያዋህደው ልጅ) ሁለት ጊዜ ውኃ ሊጨምር ሲል እጁን ያዝኩት። ድብልቁ ወፈር ሲል ለመሙላት ይከብዳል፣ ግን በዘንግ እየወጋን አስገባነው። የኮንክሪቱን ጥንካሬ ለመለካት ሦስት ኪዩብም ሞላን።

ጥቅምት 17 እስከ 30

ውኃ ማጠጣት። የሚጻፍ ብዙ የለም። ጆንያ አልብሰን ጠዋትና ማታ አራስን። አዳማ ላይ ግን ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ከከተማው ዳር ያሉት የነፋስ ተርባይኖች የሚዞሩበት ያው ነፋስ ጆንያውን በሁለት ሰዓት ያደርቀዋል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ስመጣ ደርቆ አገኘሁት። ከዚያ ወዲያ ጆንያው ላይ ፕላስቲክ ደረብንበት።

ኅዳር 9

መስበሪያው ተገኘ። ከዋናው መንገድ ዳር ጋራዥ ያላቸው አንድ ጋሼ ቡሽ የሚያወጡበት ባለ 20 ቶን ፕሬስ አላቸው። ጌጁ በግማሽ ግማሽ ቶን ያነባል። ላቦራቶሪ አይደለም፣ የሁለት መቶ ኪሎ ልዩነት እዚህ ማሽን ላይ አትፈልጉ። እኔ የምፈልገው ልዩነት ግን በቶን የሚቆጠር ስለሆነ ይበቃኛል።

ችግሩ የፕሬሱ ወርድ ነበር። 140 ሳንቲ ቢም በሁለቱ ቋሚዎች መካከል አይገባም። ጋሼ ናቸው ያሰቡት፦ "በወርዱ ለምን ታስገባዋለህ? ከፊት ወደ ኋላ አሳልፈው።" እውነትም። ከፕሬሱ ሥር ወፍራም ባለ አይ ቅርጽ ብረት በፊትና በኋላ አስረዘምን፣ እሱ ላይ በ120 ሳንቲ ርቀት ሁለት ድቡልቡል ብረት አስቀመጥን። ከላይ ጭነቱን ለሁለት የሚከፍል ወፍራም አጭር ብረት። ሁሉንም በሰንሰለት አሰርን። ቢሙ ሲበጠስ 80 ኪሎ እግር ላይ እንዳይወርድ።

ቢሞቹን ኖራ ቀባኋቸው። ነጭ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ እንኳ ትታያለች።

ኅዳር 14፣ እሑድ

28ኛው ቀን። ቢሞቹን ከብሎኬት ግቢው እስከ ጋራዡ በጋሪ አጓጓዝን፣ በሁለት ጉዞ። ፌራዮው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጣ። እትዬም ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጡ። ወንበር አወጣንላቸው፣ ራቅ አድርገን።

አንደኛው ቢም። አንድ ቶን ላይ መሀል ላይ ሁለት ቀጭን ቀጥ ያሉ ስንጥቆች። በእርሳስ ምልክት አድርጌ "1" ብዬ ጻፍኩበት። ሁለት ቶን፣ ሦስት ቶን፣ እነሱ ወደ ላይ እያደጉ ሄዱ፣ ሌሎች ተጨመሩ። ከጭነቱ ወደ ውጭ ያሉት ቀጥ ማለታቸውን ትተው ማጋደል ጀመሩ። እትዬ "ይኸው እንደኔ ቤት መሆን ጀመረ" አሉ። አራት ቶን ላይ በግራ በኩል፣ ከቢሙ ቁመት መሀል ላይ፣ ከየት መጣ ሳይባል አንድ ሰያፍ ስንጥቅ ብቅ አለ። ጽፌበት ቀና አልኩ። ጋሼ ፕሬሱን ሁለት ሦስቴ ገፉት። አራት ተኩል ላይ "ጧ!" አለ።

ድምፁን በጽሑፍ ማምጣት አልችልም። እንደ ጎማ ፍንዳታ ነው። ቢሙ ለሁለት ተለየ፣ ጌጁ ወደ ዜሮ ወረደ። የተሰበረው ከመቀመጫው አጠገብ ተነስቶ እስከ ጭነቱ ሥር በወጣ አንድ ሰያፍ መስመር ነው። ከሰያፉ ስንጥቅ መታየት እስከ መበጠስ አንድ ደቂቃ አልሞላም። ከመበጠሱ በፊት ምን ያህል ጎበጠ? በዓይን የማይታይ ነው። ባለ 14 ፌሮዎቹ ምንም አልሆኑም። ስምንት ቶን የሚሸከም ብረት ውስጡ ተጋድሞ ቢሙ ሞተ።

ፌራዮው ዝም አለ። ከዚያ "እንደገና እንየው" አለ።

ሁለተኛው ያው ነው፣ በቀኝ በኩል፣ አምስት ቶን ላይ። ሁለት የሠራሁት ለዚህ ነበር፤ ያለ ስታፋ የሚበጠስ ቢም ውጤቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለዋወጣል፣ በአንድ ብቻ መፍረድ አይገባም።

ሦስተኛው፣ ስምንት ስታፋ በ20 በ20። እዚህ ላይ ሁሉም ተስፋ አደረጉ። አራት ተኩል ላይ ሰያፉ ስንጥቅ መጣ፣ ግን ያዘ። አምስት። ያዘ። አምስት ተኩል ላይ "ጧ!"። ሄደን ስናየው ስንጥቁ በሁለት ስታፋ መካከል አልፎ ሄዷል። አንዱን ብቻ፣ እሱንም አናቱ ላይ፣ ነክቶታል። ቢሙ 20 ቁመት አለው፣ ስንጥቁ ወደ 45 ዲግሪ ያጋድላል፤ ስለዚህ በአግድም የሚሸፍነው ከ17 እስከ 20 ሳንቲ ነው። ስታፋዎቹ በ20 ከተራራቁ ስንጥቁ ሾልኮ የሚያልፍበት በር ተከፍቶለታል ማለት ነው። ኮዱ የስታፋ ርቀት ከጥልቀቱ ሦስት አራተኛ እንዳይበልጥ የሚለው ለዚህ ነው፤ ለዚህ ቢም 12 ተኩል ሳንቲ። የብረቱ መጠን ከኮዱ ዝቅተኛ ልክ በላይ ነበር። ያለበት ቦታ ግን ልክ አልነበረም።

አራተኛው፣ በ10። እዚህ ጋራዡ ውስጥ ያለው ድባብ ተለወጠ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት ቶን። ሰያፍ ስንጥቆቹ መጡ፣ ግን ብዙና ቀጫጭን ሆነው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደረደሩ። በጋሼ የቫልቭ ክፍተት መለኪያ ቅጠል ብረቶች ለካናቸው፣ ከ0.2 ሚሊ አይበልጡም። ስምንት ቶን ላይ የመሀሉ ቀጥ ያሉ ስንጥቆች ይከፈቱ ጀመር። ቢሙ ጎበጠ። ጋሼ ይገፋሉ፣ እሱ ይጎብጣል፣ ጌጁ ብዙ አይጨምርም። ስምንት ተኩል ላይ ከላይ በኩል ኮንክሪቱ ተፈረፈረ። ከሁለት ሳንቲ በላይ ጎብጦ ግን አልወደቀም።

እትዬ "ይኸኛው እየነገረን ነው የሚሄደው" አሉ። ጥቅምት 3 ለእሳቸው ልነግራቸው አቅቶኝ የነበረው ነገር በትክክል ይህ ነበር። በጉብጠት የሚያልቅ ቢም አስቀድሞ ይነግራል። ሰው ዕቃውን አውጥቶ ልጆቹን ይዞ ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። በሸር፣ ማለትም በሰያፍ ስንጥቅ ተቆርጦ፣ የሚያልቅ ቢም ይህን ጊዜ አይሰጥም።

አምስተኛው፣ 90 ዲግሪ መታጠፊያ ያለው። ይከፈታል፣ ቀድሞ ይበጠሳል ብዬ ለፌራዮው አስቀድሜ ነግሬው ነበር። አልሆነም። እሱም ስምንት ተኩል ቶን ደረሰ፣ ከአራተኛው ጋር በዓይን ልዩነት የለውም። ፌራዮው ሳቀ፣ "ታዲያ ጣቴን ያስወጋኸኝ ለምንድን ነው?" አለኝ። መልስ ነበረኝ፣ ግን ፕሬሱ ሊያሳየው የማይችል መልስ ነው። እኛ ቢሙን አንድ ጊዜ ወደ ታች ገፋነው፣ መታጠፊያው በደህና ኮንክሪት ተሸፍኖ ተይዟል። የመሬት መንቀጥቀጥ ግን ወዲህና ወዲያ፣ ደጋግሞ ነው የሚያናውጠው። ሽፋኑ ኮንክሪት ይረግፋል፣ ያኔ 90 ዲግሪ የታጠፈው ጫፍ የሚይዘው ነገር አጥቶ ይከፈታል። 135ቱ ወደ ውስጥ ስለገባ ሽፋኑ ቢረግፍም ይይዛል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተቀምጠን ይህን መተው አንችልም። ሙከራዬ ይህን አላሳየም፣ እንዳሳየ አድርጌም አልጽፍም።

ስድስተኛው። ስምንት ስታፋ፣ ግን በጫፍና በጫፍ የተሰበሰቡ። ሰያፍ ስንጥቁ እንደ ሌሎቹ አራት ተኩል ላይ መጣ። አምስት ተኩል ላይ ሁሉም ጆሮውን ያዘ። አልተበጠሰም። ስድስት። ሰባት። ሰያፎቹ ከአራተኛው ሰፉ፣ አንዱ 0.4 ሚሊ ደረሰ፣ ግን ባገኙት አቅጣጫ ሁሉ ስታፋ ያጋጥማቸዋል። ስምንት ቶን ላይ መሀሉ ተከፍቶ ጎበጠ።

ፌራዮው ወደ ሦስተኛው ቢም ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። "ያው ስምንት እኮ ነው!" አለ። አዎ፣ ያው ስምንት ነው። አንድ ብር ሳይጨመር ሁለት ቶን ተኩል።

ኅዳር 15

ኪዩቦቹ ላቦራቶሪ ተሰበሩ፦ 26፣ 28 እና 25 ሜጋ ፓስካል። ደህና ነው።

ዛሬ ከሥራ በኋላ የተሰበሩትን ቢሞች ተቀምጬ አየኋቸው። የአንደኛውን የስንጥቅ ገጽ በእጅ ስትዳስሱት ሸካራ ነው። ስንጥቁ ጠጠሩን አልሰበረውም፣ ዙሪያውን ዞሮት ነው ያለፈው። ይህ ሸካራነት ራሱ ጭነት ይሸከማል፤ ሁለቱ ገጾች እንደ ጥርስ ተያይዘው እርስ በርስ እንዳይንሸራተቱ ይከለክላሉ። ጥቁር ድንጋይ የመረጥኩት ለዚህ ነበር። ጠጠሩ ቀይ አሸዋ ወይም ፑሚስ ቢሆን ስንጥቁ ድንጋዩን ሰንጥቆ ለስላሳ ሆኖ ባለፈ። ይህ መያያዝ የሚሠራው ደግሞ ስንጥቁ ጠባብ እስከሆነ ድረስ ነው። ስንጥቁ ሰፋ ማለት ጥርሶቹ ተላቀቁ ማለት ነው።

ሌላም አየሁ። ሰያፉ ከታች ሲደርስ ፌሮውን ተከትሎ በአግድም ወደ መቀመጫው ተሰንጥቋል፤ ፌሮው ሸሩን ሊሸከም ሲሞክር ሽፋኑን ወደ ታች ገፍቶ ፈልቅቆታል። ስታፋ ቢኖር ፌሮውን ወደ ላይ አንጠልጥሎ ይይዘው ነበር።

ሪተር የሚባል ኢንጂነር በ1899 (በፈረንጆች)፣ ከሱም ወዲያ ሞርሽ፣ የተሰነጠቀ ቢምን እንደ ቆርቆሮ ቤት ጣሪያ አወቃቀር እንየው ብለው ነበር። በሰያፍ ስንጥቆች መካከል ያለው ኮንክሪት የሚጨመቀው ሰያፍ እንጨት ነው፣ ስታፋው የሚሳበው ቋሚ እንጨት ነው፣ ታች ያለው ፌሮ የሚሳበው አግዳሚ። አንዱን ቋሚ ካወጣችሁ ጣሪያው ይወርዳል። ለፌራዮዎች ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም፣ ሁሉም ጣሪያ ሲመታ አይተዋልና።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል፣ ይህን የሚያነብ ሰው ቢያንስ ይህን ይያዝልኝ። የኔ ቢም ትንሽ ነው። ቢም በቁመቱ ሲያድግ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር የሚሸከመው ሸር ያንሳል፣ ስንጥቁ ይሰፋል፣ ጥርሶቹ ይላቀቃሉ። ስለዚህ የኔን አራት ተኩል ቶን በአምስት አባዝቶ ለትልቅ ቢም የሚያውል ሰው ይሳሳታል። በ1955 (በፈረንጆች) አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ሼልቢ ላይ የአየር ኃይል መጋዘን ጣሪያ የወደቀው ቁመታቸው 91 ሳንቲ የሆኑ ቢሞች ስታፋ በሌላቸው ቦታ ተበጥሰው ነው። ከራሱ ከጣሪያው ክብደት ሌላ ብዙም ጭነት አልነበረበትም። የሸር ሕጎች ጠበቅ ያሉት ከዚያ ወዲህ ነው።

ስድስተኛውንም አይቶ "መሀሉን ባዶ መተው ይቻላል" የሚል እንዳይመጣ። እኔ ጭነቱን የት እንደማሳርፍ አውቄ ነው መሀሉን የተውኩት። የሰው ቤት ላይ ጭነት ይዘዋወራል፣ መሬትም ይናወጣል። መሀሉ ቢያንስ ኮዱ ያለው ዝቅተኛ ልክ ይኑረው። ጫፉ ላይ ግን አትሰስቱ።

ኅዳር 18

ዛሬ እትዬ ቤት ገባሁ። ልስኑን በመዶሻና በመሮ አነሳሁት። ስንጥቁ ልስን ላይ አልቆመም፣ ኮንክሪቱ ውስጥ ገብቷል። የኮንክሪቱ ስንጥቅ 0.3 ሚሊ ቅጠል ያስገባል፣ 0.4 አያስገባም።

ከአሮጌ ስፒከር ያወጣሁትን ማግኔት በክር አንጠልጥዬ ቢሙን ተከትዬ ሄድኩ። ሽፋኑ ቀጭን ስለሆነ ብረቱ ጋ ሲደርስ ይሳባል። መሀል ላይ ስታፋዎቹ በ25 አካባቢ ናቸው። ከኮለኑ ፊት እስከ መጀመሪያው ስታፋ ግን 35 ሳንቲ ባዶ። ሁለት ቦታ ትንሽ ፈልፍዬ አረጋገጥኩ። ቢሙ ቁመቱ 40 ሳንቲ ነው። በመሬት መንቀጥቀጥ ኮዱ መሠረት የመጀመሪያው ስታፋ ከኮለኑ ፊት ከ5 ሳንቲ መራቅ የለበትም፣ እዚያ አካባቢ ያለው ርቀትም ከቢሙ ቁመት አንድ አራተኛ፣ 10 ሳንቲ፣ መብለጥ የለበትም። ስንጥቁ በዚያች ባዶ 35 ሳንቲ ውስጥ ነው ያለፈው።

ማን እንደሠራው አልጠየቅኋቸውም። ሠሪው ምናልባት ኮለኑ ውስጥ ያለው ፌሮ አላስገባ ብሎት ስታፋውን ወደ መሀል ገፍቶት ይሆናል። ሳይት ላይ በየቀኑ የማየው ነገር ነው፣ እኔም ራሴ ሳላስተውል ያሳለፍኩት ቦታ ይኖራል ብዬ ዛሬ ሌሊት ሳስብ ነው ያደርኩት።

ለእትዬ በግልጽ ነገርኳቸው። "ልስኑ አይደለም። ዛሬውኑ ድጋፍ እናቁም፣ ሱቁ ላይ ያለውን ክፍል ከባድ ዕቃ አውጡለት። ጥገናውን ግን እኔ በግምት አልሠራውም፣ ስትራክቸራል ኢንጂነር መጥቶ አስልቶ ይወስን።" ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ "ጧ ከማለቱ በፊት ነው አይደል የደረስከው?" አሉኝ። ነው፣ አልኳቸው።

ተከራዩ ልጅ መደርደሪያዎቹን ወደ ጎን ገፋልን። ከኮለኑ ግማሽ ሜትር ራቅ ብሎ ሁለት ወፍራም ድጋፍ አቆምን። ከሥሩ ጣውላ አነጠፍን፣ ከላይ በሽብልቅ አጠበቅን። በጣም አልገፋነውም፣ ቢሙን ወደ ላይ ከገፋነው ሌላ ስንጥቅ ከላይ እንከፍታለን።

ኅዳር 23

ኢንጂነሩ መጥቶ አየው። የቢሙን ጫፍ በሦስት ጎን በአዲስ ስታፋና በኮንክሪት ማልበስ ነው ሐሳቡ፤ መጀመሪያ የታችኛውን ፌሮና የኮለኑን ሁኔታ ማየት ይፈልጋል። ስሌቱን በሁለት ሳምንት ይሰጠናል። እስከዚያ ድጋፉ ይቆያል።

ሦስተኛውና ስድስተኛው ቢም ብሎኬት ግቢው በር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ስንጥቆቹን በቀይ ቀለም አጉልቻቸዋለሁ፣ የስታፋዎቹን ቦታ በጥቁር። ማታ ፌራዮው ደወለልኝ። ሌላ ሰው ሳይት ላይ ነው ያለው፣ ነገ ሊሞሉ ነው። "ኮለኑ ጋ ያለው አላስገባ አለኝ፣ የመጀመሪያዋን ስታፋ እንዴት ላድርጋት?" አለ። ለሁለት ተቆርጣ፣ ሁለት የዩ ቅርጽ ሆና፣ አንዷ ከታች አንዷ ከላይ ገብተው እርስ በርስ በደንብ ተደራርበው እንዲታሰሩ ነገርኩት፤ የሳይቱ ኢንጂነር ሳያያት ግን እንዳይሞሉ። ስልኩን ሳይዘጋው "አምጣው ያን ማጠፊያ" እያለ ሲጣራ ይሰማኛል።